ባንኮክ ሲገቡ ፈረንጅነትዎ እንዳይለቅብዎ

ፓስፖርትዎ ከተቀየረ ሰነበተ እንበል። ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ሠርተው፣ ግብር ከፍለው፣ የዓመት ፈቃድዎን አጠራቅመው ለእረፍት ታይላንድ ሊሄዱ ነው። እግረ መንገድዎን አዲስ አበባ ዘመድ ይጠይቁና ከቦሌ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ባንኮክ ይገባሉ። መልካም መንገድ።

እኔን ያሳሰበኝ አስተዳደግዎ ነው። ልጅ ሳሉ ለትልቅ ሰው ብድግ ማለትን፣ በሰው ፊት ሲያልፉ ጎንበስ ማለትን፣ የሚሰጥዎትን ነገር ግራ እጅዎ ቀኙን ደግፎ መቀበልን ተምረዋል። ክፉ ዕድል ሆኖ ይኸው ሁሉ ታይላንድም ይሠራል። ካልተጠነቀቁ ሳምንት ሳይሞላዎ፣ ሳያውቁት፣ ጨዋ ሆነው ይገኛሉ። ስንት ክረምት በበረዶ የለፉበት ፈረንጅነት በአንድ እረፍት ሲለቅ ማየት አልፈልግም። ስለዚህ ረጋ ብለን አንድ በአንድ እንየው።

በሰላምታ እንጀምር። የሆቴሉ በር ላይ የቆመችው ልጅ መዳፎቿን አጋጥማ ደረቷ ላይ ታደርግና አንገቷን ሰበር ታደርግልዎታለች። ዋይ ይባላል። ታናሽ ይቀድማል፣ ታላቅ ይመልሳል። አክብሮቱ በጨመረ ቁጥር እጅ ከፍ ይላል፤ ለወላጅና ለመምህር እስከ አፍንጫ፣ ለመነኩሴ እስከ ግንባር። መነኩሴው ለምእመን አይመልሱም። እንግዲህ አንድ ታይ ከበር ሳይገባ የሰውየውን ዕድሜ፣ ሹመትና ኪስ መዝኖ እጁን የት ላይ እንደሚያቆም መወሰን አለበት። የሰው ልጅ እኩል አለመሆኑን እንዲህ ለክተው በአደባባይ ማሳየታቸው ይከብድዎ ይሆናል። አይፍረዱባቸው። እርስዎ የመጡት ሁሉም እኩል ከሆነበት አገር ነው፤ አለቃዎን «ማይክ» ብለው በስሙ ይጠሩታል፣ ማይክም በኢሜይል ሲያሰናብትዎ በስምዎ ይጠራዎታል።

ስለዚህ እኩልነትን ያስተምሯቸው። ለልጅቷ መዳፍዎን ግንባርዎ ላይ አድርገው እጅ ይንሷት። ለሻንጣ ተሸካሚው እጅ ይንሱ። ማስቲካ ለምታዞረው ሕፃን እጅ ይንሱ። ግራ ገብቷቸው ዞር ሲሉ ከደስታ ብዛት ነው ብለው ይለፉት። ከዚያ ቤተ መቅደስ ይሂዱና ለመነኩሴው እጅዎን ዘርግተው «ሃይ» ይበሉ። ሴት ከሆኑ ትከሻቸውን መታ መታ ያድርጉ። መነኩሴ ሴት እንዲነካ ሥርዓቱ አይፈቅድለትም፤ ግን ያ ሥርዓት ሲወጣ እርስዎን ማን አማከረ?

ቀጥሎ ይጠይቁዎታል። «ወዴት ነው?» «ሩዝ በልተዋል?» «ዕድሜዎ ስንት ነው?» «አግብተዋል?» ዕድሜ የሚጠይቁት «ፒ» ብለው እንደ ታላቅ፣ ወይስ «ኖንግ» ብለው እንደ ታናሽ እንደሚጠሩዎ ለማወቅ ነው። ትንሽ ከቀረቡዎ ደግሞ «ወፍረዋል» ይሉዎታል። እዚህ ላይ ልብዎ ይሞቃል፤ ከድሮ ጎረቤት ቤት የገቡ ይመስልዎታል። ይጠንቀቁ። ፊትዎን ኮስተር አድርገው፣ ይህ የግል ጉዳይ ነው ይበሉ። «ወዴት ነው?» ላለዎት ሰው «እዚሁ» ብለው ቢያልፉ በቂ እንደነበረ፣ እሱም ከዚያ የበለጠ እንዳልጠበቀ ማንም አይንገርዎ። የሠለጠነ ጥያቄ «ሃው አር ዩ» ነው። ጠያቂው መልሱን ሳይሰማ ስለሚያልፍ የማንም ምስጢር አይወጣም፤ ከቀብር ቢመለሱም «ፋይን» ብለው ይገላገላሉ።

በነገራችን ላይ፣ ማታ 3 ሰዓት በታዮቹም የተለመደ አቆጣጠር ሦስት ነው። «ሳም ቱም» ይሉታል። ይህ ለሐበሻ ከባድ ፈተና ነው። «ናይን ፒኤም» ይበሉና ይበርቱ።

አሁን ወደ ማዕዱ እንምጣ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ታዮች ሩዙን ለየራስ ያደርጉና ዓሣውን፣ አረንጓዴውን ከሪ፣ ቶም ያሙን መሀል ያስቀምጡታል። እያንዳንዱ ከመሀል አንድ ሁለት ማንኪያ ያነሳል፣ ይበላል፣ ደግሞ ይመለሳል። የጣፈጠውን ለብቻ መቆለል ነውር ነው። ምግቡ የሚመጣው እንደደረሰ ነው፤ የማንም የግል ስላልሆነ «የኔስ?» የሚል የለም። እርስዎ ለእንዲህ ያለ ገበታ እንግዳ አይደሉም፤ ያስፈራኝም ይኸው ነው። እጅዎ ለጉርሻ ሊነሳ ይችላል። ይያዙት።

የራስዎን ይዘዙ። «ይሄ የኔ ነው» ይበሉና ሳህኑን ወደ ደረትዎ ይሳቡት። የእርስዎ ዓሣ ከባለቤትዎ ኑድል ኋላ ከቀረ አስተናጋጇን ይጥሩ። አብሮ መብላት ማለት ሁለት ሰዎች ለየብቻቸው በአንድ ደቂቃ መጀመር መሆኑን በትዕግሥት ያስረዷት።

ቾፕስቲክም ይጠይቁ፤ እስያ ነው ያሉት። ታዮች ሩዝ የሚበሉት በማንኪያ ነው። ሹካው በግራ እጅ ሆኖ ምግቡን ወደ ማንኪያው ይገፋል እንጂ አፍ አይገባም። ቾፕስቲክ የኑድል ነው። ልጅቷ ግን ይህን አትነግርዎትም። «ካ» ብላ ፈገግ ትላለች፣ ትወጣለች፣ መንገዱን ተሻግራ ከኑድል ሻጩ ጋሪ ጥንድ ቾፕስቲክ ተውሳ ትመለሳለች። ሩዙ በእንጨቶቹ መሀል እየፈሰሰ ጉልበትዎ ላይ ሲቀር አይዘኑ፤ የአካባቢውን ባህል እያከበሩ ነው።

ቃሪያው አፍንጫዎን ሲያፈሰው ሶፍት ይዘው እዚያው ገበታ ላይ በኃይል ይናፈጡ። ሶፍቱን አጣጥፈው ኪስዎ ይክተቱት። አጠገብዎ ያሉት ሴትዮ በስቴኪኒ ጥርሳቸውን እየነካኩ በሌላው እጃቸው አፋቸውን ሸፍነዋል። ይዘኑላቸው፤ ነፃነት ሳያዩ ያደጉ ናቸው።

ሂሳቡን የሚከፍለው ትልቁ ነው፤ የቢሮው ታላቅ፣ ወይም ኪሱ ደህና የሆነው። በነፃ የበሉት ታናናሾች ደግሞ ሲያመሹ በእሱ ቀልድ ሁሉ ይስቃሉ። እነሱም የሚከፍሉት በዚያ ነው፣ አንዳንዴም ይወደድባቸዋል። እርስዎ ከዚህ ጭቆና ያውጧቸው። በዕድሜም በደሞዝም ገበታውን የሚበልጡት እርስዎ ሆነው ሳለ ስልክዎን ያውጡ። ካልኩሌተሩን ይክፈቱ። ሽሪምፕ የበላው ማን እንደሆነ ይለዩ። ለየራሳችን እንክፈል ይበሉ። ልጆቹ ፈገግ ብለው ቦርሳቸውን ያወጣሉ። ከዚያ በኋላ በቀልድዎ ባይስቁ፣ እኩል ስለሆኑ ነው።

ስለ እግርና ስለ ራስ ብዙ አላደክምዎትም። ሰው ቤት ሲገቡ ጫማዎን አያውልቁ፤ ውሻ ከጌታው ጋር አልጋ ላይ ከሚተኛበት አገር የመጣ ሰው ስለ ንጽሕና ምክር አያሻውም። መንገድ ላይ ያገኙትን ሕፃን አናቱን ይዳብሱ። ራስ ክቡር ነው ስለሚሉ ከዚያ የተሻለ የሚነካ ቦታ አያገኙም። ውስጥ እግርዎን ወደ ቡድሃው ምስል አዙረው አረፍ ይበሉ፤ ሲዞሩ ውለዋል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ፈረንጅነቱን ቀነስ ያድርጉት። ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት በየባቡር ጣቢያውና በየመናፈሻው ብሔራዊ መዝሙር ሲሰማ ሰው ሁሉ ባለበት ይቆማል፤ እርስዎም ይቁሙ። የባት ኖት ወድቆ ነፋስ ቢወስደው በእግርዎ ረግጠው አያስቀሩት፤ የንጉሡ ምስል አለበት። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 112 ንጉሡን መስደብ ከ3 እስከ 15 ዓመት እስራት ያስቀጣል። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2007 አንድ የስዊዘርላንድ ዜጋ የንጉሡን ምስሎች ቀለም በመቀባቱ 10 ዓመት ተፈርዶበት፣ በንጉሡ ይቅርታ ወጥቶ ከአገር ተባሯል። ስለዚህ ሐሳብዎን ፊት ለፊት የመናገር ባህልዎን ከፓስፖርትዎ ጋር የሆቴሉ ካዝና ውስጥ ይቆልፉበት። አይባክንም፤ ለአስተናጋጇ ይሆናል። እሷን የሚጠብቅ አንቀጽ 112 የለም።

እንግዲህ እንጠቀምበት። ማታ ክፍልዎ ሲገቡ ኤሲው አልጋዎ ላይ ውሃ ያንጠባጥባል። ወደ ሪሴፕሽን ይውረዱ። ልጅቷ ትሰማዎታለች፣ «ካ» ትላለች፣ ፈገግ ትላለች። «ካ» ማለቷ ሰምቻለሁ ነው እንጂ ይሠራል አይደለም። ፈገግታውም አንዳንዴ ሀፍረት ነው፣ አንዳንዴ ይቅርታ፣ አንዳንዴም አይሆንም። እርስዎ ግን ቀጥተኛ ሰው ነዎት። «ምን ያስቅሻል?» ይበሏት። ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ። ጠረጴዛውን መታ ያድርጉ። ፈገግታዋ ይጨምራል፤ እርስዎም ይጨምሩ። ታይ አገር በሰው ፊት የጮኸ ሰው ያኔውኑ ክብሩን እንደጣለ ይቆጠራል፤ ሎቢው ውስጥ የተቀመጠው ሰው በእርስዎ ፈንታ አፍሮ ወለል ወለሉን ያያል። ዝምታውን እንደ ማዳመጥ ይውሰዱት።

ከዚያ ማናጀሩን ያስጠሩ። ይህም ትዕግሥት ይጠይቃል። ልጅቷ ስለ ኤሲው ካወቀች ወር ሆኗታል። ለታላቋ መንገር ታላቋን ማስቸገር ስለሚሆንባት አልነገረችም፤ «ክሬንግ ጃይ» ይሉታል፣ ይሉኝታን ለሚያውቅ ሰው አይጠፋውም። ታላቋም ታውቃለች፤ ማናጀሩን ያሳፍረዋል ብላ ዝም ብላለች። ማናጀሩም ያውቃል፤ ለሆቴሉ ባለቤት ወጪ ማንሳት ከብዶታል። ከታች እስከ ላይ ማንም ማንንም አላስቀየመም። ውሃው ብቻ ይንጠባጠባል። «ማይ ፔን ራይ» ይሉዎታል፤ ምንም አይደለም። ፎጣ ያንጥፉበትና ይተኙ።

አገርዎ ሲመለሱ ስለ ሆቴሉ አስተያየት ይጻፉ። ሰዎቹ ደስ ይላሉ፣ ፈገግታቸው ግን ከልብ አይደለም ይበሉ። ትኬቱን ያስቆረጠዎት «የፈገግታ አገር» የሚለው ማስታወቂያ እንደሆነ አይጥቀሱ። በእርስዎ አገር ሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይዋ «መልካም ቀን» የምትለው ከልቧ መሆኑን፣ በሥልጠና ያዘዛት እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን። ኮከብ ሲሰጡ ለጋስ ይሁኑ፤ ሦስት ይበቃል።

ስለ ገንዘብም ላንሳ። ካው ያይ ብሔራዊ ፓርክ ለረጅም ጊዜ ታዩን 40 ባት፣ የውጭ ዜጋውን 400 ባት ሲያስከፍል ኖሯል። የታዩ ዋጋ በእንዲህ ያሉ ቦታዎች ብዙ ጊዜ በታይ አኃዝ ስለሚጻፍ ታዮቹ «ፋራንግ» የሚሉት ፈረንጅ አያነበውም፤ ስለማያነበውም አይቀየምም። እንዲህ ያለ ለስላሳ ዝርፊያ ሌላ ቦታ አላውቅም። እርስዎ ግን ይቀየሙ። ሰውን በዜግነቱ መለየት ነውር ነው ይበሉ። ለእርስዎ ያለ ቪዛ በሩ እንደተከፈተልዎ፣ ትኬት ቆራጩ ልጅ ግን የእርስዎን አገር ለማየት የባንክ ሂሳቡን ለኤምባሲ ገልጦ ማሳየት እንዳለበት አያንሱ፤ ያኛው አሠራር እንጂ አድልዎ አይደለም። ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ ላይ እንደ አገሬው ሊከፍሉ ብለው ያወጧትን የትውልደ ኢትዮጵያዊነት ቢጫ ካርድም ለጊዜው ከቦርሳዎ አያውጧት።

የቀረው መንገድ ነው። ታይላንድ መኪና የሚነዳው በግራ ነው፤ ሲሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ይዩ። የባንኮክ ሾፌር ጥሩምባ አይወድም። መንገድ ተዘግቶ ቢቆምም እምብዛም አይነፋም፤ የመኪናውን የፊት መብራት ብልጭ ያደርጋል። እርስዎ በለመዱት አገር ይህ ብዙ ጊዜ «ይለፉ፣ ልጠብቅዎ» ማለት ነው። እዚያ «እየመጣሁ ነው፣ አይግቡ» ማለት ነው። እጅዎን አንስተው «ታንክ ዩ» እያሉ አስፋልቱ ውስጥ አይግቡ። ሌላውን ሁሉ እንደነገርኩዎ ያድርጉ፤ እዚህ ላይ ግን ይቁሙና ያሳልፉት።