ሦስት ፕሮፎርማ ለአንድ ጠገራ

ዕድሜዬን በግዥና ንብረት ክፍል ጨርሼ፣ ለጠመኔ እንኳ ሦስት ፕሮፎርማ አስመጥቼ፣ ያለ ሞዴል 19 አንዲት ወንበር መጋዘን ሳላስገባ፣ ያለ ሞዴል 22 አንዲት እስክሪብቶ ሳላስወጣ በክብር ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። አሁን ጋቢዬን ደርቤ ከጭላሎ የሚወርደውን ብርድ ከእሳት ዳር ሆኜ ልሳደብ ስል፣ ያ ሁሉ ሥርዓት ዞሮ መጣና እኔው ላይ ተተከለ። ያመጣብኝም ባዕድ አይደለም። አዳማ ባንክ ቤት የምትሠራው ልጄ ናት።

በደሌ የድሮ ገንዘብ መሰብሰቤ ነው። ጎረቤቴ ከሰዓት ሙሉ ጫቱን ይቅማል፣ ማዶ ያለው ወዳጄ ካርታ ይጫወታል፣ ሌላው እድር እያቋቋመ ያፈርሳል። ለእነሱ በጀት የመደበ የለም። እኔ ግን አንዲት አረንጓዴ የለበሰች ሳንቲም ከቆራሌው እጅ ስቀበል ከታየሁ ቤተ ዘመድ ይጠራል።

ነገሩ የፈነዳው ልጄ ለፋሲካ መጥታ አልጋ ሥር መጥረጊያ ስትሰድ ነው። የወተት ዱቄት ቆርቆሮዎቼ ተንኳኩ። አወጣቻቸው፣ ሰሌን ላይ ዘረገፈቻቸው፣ ተቀምጣም ለየቻቸው። ባንክ ቤት ያደገ ጣት ሳንቲም ሲለይ ማየት ያስፈራል። ስትጨርስ ቀና ብላ፣ «አባባ፣ ይኼ ሁሉ እኮ አንድ ነው። ሁሉም ላይ 1936 ይላል!» አለችኝ።

እዚህ ላይ አንባቢ ይፍረደኝ። የጃንሆይ ሳንቲሞች አምስት ናቸው፤ አንድ፣ አምስት፣ ዐሥር፣ ሃያ አምስትና ሃምሳ። በ1937 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውሉ የተጻፈባቸው ዓመተ ምሕረት 1936 ነበር፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት እየተመቱ ሲወጡም ዓመቱን ላስተካክል ያለ ሰው አልተገኘም። ማርያ ትሬዛ የምንላት ጠገራም ያው ናት። እቴጌይቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1780 ሞተች፤ ከዚያ ወዲህ ቪየና ይመታ ሮም፣ ለንደን ይመታ ቦምቤይ፣ ጠገራው ላይ ያለው 1780 ብቻ ነው። የደርግ ሳንቲምም በ1969 ጀምሮ በ1969 ቆመ። በሌላው ዓለም ሰብሳቢው ዓመተ ምሕረት ያሳድዳል። አሜሪካዊው የየዓመቱን ሳንቲም ቀዳዳ ባለው ካርቶን ውስጥ እየሰካ ይሄዳል፤ ቀዳዳው ሲሞላ ጨረሰ፣ እፎይ ብሎ ይተኛል። እኛ ዘንድ ዓመቱ ስለቆመ መጨረሻው የት እንደሆነ የሚነግርህ የለም። ልጄ ከዚህ ተነሥታ «አምስቱንም ገዝተው ከጨረሱ ቆይተዋል» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ገና መጀመሬ ነው እላለሁ።

ደግሞስ ማን ነው አንድ ናቸው ያለው? ሃያ አምስት ሳንቲሙ መጀመሪያ ድፍን ክብ ነበር፤ ከሃምሳው ጋር እየተመሳሰለ ሲያስቸግር ተሰበሰበና ጠርዙ ገባ ወጣ ተደርጎ ተመለሰ። ክቡን ያገኘ ሰው ዝም ብሎ ሊያልፍ ነው? ሃምሳው ደግሞ የብር ሳንቲም ነው፤ መጀመሪያ ከመቶው ሰማንያው እጅ ብር፣ በኋላ ሰባው እጅ። ለዓይን ልዩነት የላቸውም። ልዩነት የሌላቸውን ነገሮች ለመለየት ብዙ መያዝ ያስፈልጋል፤ ይህን ለልጄ ሳስረዳት የሒሳብ ማሽኗን አወጣች። በዚያ ላይ ያ ብር ራሱ በጦርነቱ ጊዜ ከአሜሪካ መንግሥት በውሰት የመጣ ነው። ጃንሆይ ተበድረው ያሠሩትን እኔ በጥሬ ገንዘብ ብገዛ ምን ነውር አለው ብዬ ጠየቅኋት። «ማን ነው በጥሬ ገንዘብ ነው ያለው? የሱቁ ዱቤ ተነግሮኛል» አለችና አፌን ዘጋችው።

የደርጉን ዐሥር ሳንቲም ለብቻው ልናገርለት ይገባል። ጀርባው ላይ ያለው የደጋ አጋዘን ነው። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ ከኢትዮጵያም ባሌና የእኛው የአርሲ ተራሮች ናቸው ዋና አገሩ፤ ጋላማ፣ ካካ፣ ጭላሎ። ቀንዱ ተጠማዞ ሲወጣ ታዩታላችሁ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ የቆመው የአገሬ ልጅ ነው። የሰፈር ልጆች ይህን ድክመቴን ካወቁ ወዲህ የእናቶቻቸውን መሳቢያ እያራገፉ በር ላይ ይሰለፋሉ። ዐሥር ሳንቲም በአምስት ብር ትገዛለህ ተብዬ ተከስሻለሁ። አጋዘኑን ሜዳ ላይ ጥዬ ልግባ?

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ምክንያት ልጄ ያወጣችልኝ በጀት ጸደቀ። ከጡረታዬ ላይ በወር 500 ብር። መደበኛ በጀት ነው፤ የካፒታል በጀት ጥያቄዬ ውድቅ ሆኗል። ብሩ ለብቻው በፖስታ ይቀመጣል፣ ፖስታው ባለቤቴ ዘንድ ነው። ቆርቆሮው ውስጥ ያለ ዓይነት በድጋሚ አይገዛም። ከአንድ ወር በጀት በላይ የሆነ ዕቃ ካማረኝ ስሙ አስቀድሞ ደብተር ላይ ይጻፋል፤ የተረፈ ብር ወደሚቀጥለው ወር የሚዛወረው ስሙ ለተጻፈ ዕቃ ብቻ ነው፤ እዚያም ላይ ሦስት ፕሮፎርማ። ከሁሉ የከፋው ግን «ሰባት ቀን ይደር» የሚለው አንቀጽ ነው። ያየሁትን ዕለቱን አልገዛም፤ ሰባት ሌሊት አድሮ አሁንም ካማረኝ እመለሳለሁ። ስቃወም ልጄ ምን አለች? «አባባ፣ እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ። ያልተሠራበት በጀት ሰኔ 30 ተመላሽ ነው ይሉ ነበር፤ እኔ እንዲያውም አሻሽዬልዎታለሁ።» እውነቷን ነው፣ ሕፃን ሳለች ሐምሌ 1 በጀት ሲከፈት እኔ ቤት ዓውደ ዓመት ነበር። ስለ ጅብና ቀበሮ ባወራት ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ደግሞ ይህ የሚደረገው የት ነው? አርሲ! ኃይሌ በተወለደበት፣ ደራርቱና ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽም ከበቆጂ በወጡበት አገር። ዓለም በሙሉ ሩጡ ብሎ የሚያጨበጭብልን ሰዎች ነን፤ እኔ ብቻ ቀስ በል እባላለሁ። ይህንንም ለልጄ በስልክ አነሣሁባት። ትንሽ ዝም አለችና «እነሱ እኮ የረጅም ርቀት ሯጮች ናቸው፤ የሚፈተለኩት መጨረሻው ዙር ላይ ነው» አለች። የባንክ ሰው ስፖርት ባያውቅ ምን ነበረበት።

ድሮ ችኮላ እንኳ ጊዜ ይፈጅ ነበር። ቆራሌው ከታች መንገድ «ቆራሌው!» ሲል ይሰማሃል፤ ጫማህን አጥልቀህ፣ ጭቃውን ተሻግረህ፣ ጋሪ አሳልፈህ እስክትደርስ ግማሹ ፍላጎትህ ይበርዳል። ዛሬ ግን የልጅ ልጄ ስልኬ ላይ ቴሌግራም ጫነልኝ። አገር ምድሩ ተኝቶ፣ ውርጩ ቆርቆሮውን ሲያንቋቋው፣ እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ የማላውቀው ሰው የለጠፈውን የምኒልክ አላድ አያለሁ። ሥሩ ላይ «ዋጋ በውስጥ መስመር፤ ቀድሞ ለደወለ» ይላል። ቀድሞ ለደወለ! ይህች ቃል እንቅልፍ ገዳይ ናት። እውነቱን ለመናገር ሳንቲሙ ባያምረኝ እንኳ ሌላ ሰው ቀድሞኝ እንዳይደውል ብዬ እደውላለሁ። ቴሌብር የሚሉትም አለ፤ ኪስ ሳይነካ፣ ብር ሳይቆጠር፣ ምስጢር ቁጥር ተነካክቶ ገንዘብ ይሄዳል። ባለቤቴ ፖስታውን ትራሷ ሥር አድርጋ ስታንኮራፋ እኔ አጠገቧ ሆኜ ገዝቻለሁ። ሰኞ ልጄ ደውላ እናቷ የቴሌብሩን ምስጢር ቁጥር እንድትቀይረው አደረገች። ስለዚህ አሁን ሌሊት ማየት ብቻ ነው የተፈቀደልኝ።

በእርግጥ ስለ ሰባቱ ቀን አንድ ነገር ተፈጥሯል፤ የምናገረው ለእናንተ ብቻ ነው። አንድ ሰው የምኒልክ ብር አለኝ ብሎ መጣ። የምኒልክ ብር ፓሪስ የተመታ፣ ከማርያ ትሬዛ ጋር ክብደቱ የተካከለ፣ ወደ 28 ግራም የሚመዝን ነገር ነው፤ አንበሳው ግራ እግሩን ያነሣበትም ቀኝ እግሩን ያነሣበትም አለ። የያዘውን በመብራት አየሁት፣ ልቤ ቀጥ አለች። ዛሬ ካልሆነ ነገ አዲስ አበባ እወስደዋለሁ ይላል። በጀት የሚባል ነገር ባይኖር ባለቤቴን በሬ አስሸጣት ነበር። ሰባት ቀን ይደር አልኩ፤ ጥርሴን ነክሼ። በሰባተኛው ቀን በጠራራ ፀሐይ አጉሊ መነጽሬን ይዤ ሄድኩ። በንጉሡ ምስል ዙሪያ ያሉት የግዕዝ ፊደላት ሆዳቸው ተደፍኗል። ጠርዙን በጥፍሬ ስዞረው መሐል ለመሐል የመጋጠሚያ መስመር ያዘኝ። ድንጋይ ላይ ጣል ሳደርገው ብር የሚሰጠውን ድምፅ አልሰጠም፤ ጠብ ብሎ ዝም አለ። ቅጥቅጥ ሳይሆን ቀልጦ የፈሰሰ የማስመሰያ ሥራ። ሰውዬው ላይ አልጮህኩም፣ ቡና ጠጥቼ ተመለስኩ። ለልጄ አልነገርኳትም። ይህን ጽሑፍ ያነበበላት ካለም የጻፍኩት እኔ አይደለሁም።

ግን ከዚህ ከአንዱ ተነሥታችሁ በጀቱ ልክ ነው እንዳትሉኝ፣ ሌላኛውን ልንገራችሁ። የአገሬ የሰብሳቢ ችኮላ ስግብግብነት ብቻ አይደለም፤ ወናፍ አለበት። ፈረንጁ ዛሬ ያልገዛው ሳንቲም ነገ ሌላ ሰብሳቢ እጅ ይገባል፤ አድራሻው አይጠፋም። እዚህ እኔ ያልገዛሁትን ጠገራ የሚገዛው አንጥረኛው ነው፤ እሱ ደግሞ የእቴጌይቱን ፊት አይቶ አያውቅም፣ የሚያየው ሚዛኑን ነው። ሃያ ስምንት ግራም፣ ከመቶው ሰማንያ ሦስት እጁ ንጹሕ ብር፤ በግራም ስንት? አለቀ።

አንዲት ልጅ ከገጠር የአያቷን የአንገት ጌጥ ይዛ ወርዳ አገኘኋት። መሐሉ ላይ አንዲት ማርያ ትሬዛ ነበረች። ለማንጠልጠያ አናቷ ላይ ቀለበት ተበይዶባታል። አንዲት አያት ሙሉ ዕድሜዋን ደረቷ ላይ ስላሻሸቻት ጉንጯና የራስ መሸፈኛዋ ሟሙቷል፤ ትከሻዋ ላይ ያለው ጌጥ ግን ፈርጦቹ አሁንም ይቆጠራሉ። ድሮ ነጋዴ ጠገራ ሲቀበል እነዚያን ፈርጦች ነበር የሚቆጥረው፤ ጎድሎ ካገኘ ይመልሳል። እኔም ቆጠርኩ፤ ሙሉ ናቸው። ዋጋዋ ከሦስት ወር በጀቴ በላይ ነው። ደብተሬ ላይ ስሟን ጻፍኩ፣ አንድ ፕሮፎርማ ከቆራሌው፣ አንድ ከቴሌግራሙ ሰው አመጣሁ። ለሦስተኛው አንጥረኛው ዘንድ ስሄድ ልጅቱ ቀድማኝ ደርሳ፣ ሸጣለት፣ በአውቶቡስ ተመልሳለች። አንጥረኛው ወረንጦውን አስቀምጦ፣ «ጋሼ፣ ምን ጠፋብዎት?» አለኝ። ፊት ለፊቱ ትኩስ የቀለበት ክምር ነበር። ከመካከላቸው የትኛዋ እቴጌይቱ እንደሆነች እሱም አያውቅም።

አንዷን አነሣሁና ገዛኋት። ምን ላድርግ? ለባለቤቴ ሰጠኋት፤ ዓይኗን ጠራረገች፣ ከጋብቻችን ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው አለች። ማታ ግን የሒሳብ ጥያቄ ተነሣ። ልጄ ከስብስብ በጀት ይያዝ አለች። እኔ ቀለበት ስብስብ አይደለም፣ ጌጥ ነው፣ ስለዚህ ከቤት አስቤዛ ይውጣ አልኩ። ባለቤቴ አስቤዛ የሚባለው ሽንኩርትና በርበሬ ነው አለች፤ ቀለበቱን ግን ከጣቷ አላወለቀችም። ሒሳቡ እስካሁን በእንጥልጥል ነው።

አሁን ግን የሕግ ክፍተት አግኝቻለሁ። በጀቱ «በወር» ይላል፤ ጡረታዬም የሚከፈለው ለዐሥራ ሁለት ወር ነው። ጳጉሜን የመደበላት የለም። ደመወዝ የላትም፣ የቤት ኪራይ የላትም፣ ደብተሩ ላይም ገጽ የላትም። ስለዚህ በጳጉሜ የሚደረግ ግዥ የበጀት ገደብ አይመለከተውም። ይህን በጽሑፍ አድርጌ፣ ቁጥርና ቀን ሰጥቼ ለልጄ ላክሁላት። በዚያው ቀን መለሰች፤ ጳጉሜ ገቢ ከሌላት ወጪም የላትም ትላለች። ይህ የእሷ ትርጓሜ ነው። ይግባኙ እስኪታይ ድረስ ለቆራሌው ጳጉሜ 1 ጠዋት በጓሮ በር እንዲመጣ ነግሬዋለሁ። በ2019 ጳጉሜ ስድስት ቀን ስለምትሆን ስድስተኛዋንም ካሁኑ በስሜ አስመዝግቤያለሁ።