ስልክን በልክ ስለመያዝ የተደረገ የሳሎን ጥናት

ስልክ ልክ ሊበጅለት ይገባል በሚለው ላይ የሚከራከር የለም። ክርክሩ ልኩን ማን ያስከብር በሚለው ላይ ነው። ይህ ጥናት ጥያቄውን ለመመርመር አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሳሎን፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቡና ሲፈላ ተካሂዷል። ናሙናው የተወሰደው በአመቺነት ነው፦ ቤቱ የአክስቴ ነው፣ ቡናውም በነጻ።

ከጉዳዩ ታሪክ እንነሳ። እ.ኤ.አ. በ2006 ኤዛ ራስኪን የተባለ ባለሙያ፣ አንባቢው ወደ ታች በወረደ ቁጥር ራሱን እየቀጠለ የሚሄድ፣ መጨረሻ የሌለው ገጽ ፈለሰፈ። በኋላ መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል፤ ገጹ ግን እስካሁን አላለቀም። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ አፕልና ጉግል ሰው ስልኩ ላይ የሚያጠፋውን ሰዓት የሚቆጥርና የሚገድብ መሣሪያ አወጡ። መሣሪያው የሚገኘው እዚያው ስልኩ ውስጥ ነው።

በአገር በቀል ዕውቀት በኩል፣ ቡና ይህን ችግር ቀድሞ ፈትቶታል። አቦል አለ፣ ቶና አለ፣ በረካ አለ፤ ከበረካ በኋላ ረከቦቱ ይነሳል፣ እንግዳም መርቆ ይሄዳል። የቲክቶክ በረካ እስካሁን አልተገኘም።

የአክስቴ የመጨረሻ ልጅ (ከዚህ በኋላ «ተጠኚ» እየተባለ የሚጠራው) ለቲክቶክ በቀን የአንድ ሰዓት ገደብ አይፎኑ ላይ በገዛ እጁ አበጅቷል። አቦል ሲቀዳ ስልኩ ጉልበቱ ላይ ተደፍቶ ነበር። ፈንዲሻው ሲዞር «ሰዓት ልይ» ብሎ አነሳው፤ የግድግዳው ሰዓት ፊት ለፊቱ ነው፣ የእጅ ሰዓትም አስሯል። ብዙ ሳይቆይ ስክሪኑ ገደቡ መሙላቱን አስታወቀ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ላስታውስህ ወይስ ለዛሬ ገደቡን እንርሳው ሲልም በትህትና ጠየቀ። ተጠኚው የመጀመሪያውን መረጠ፤ ይህም ራስን የመግዛት ምልክት ተብሎ ተመዘገበ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ሁለተኛውን መረጠ።

የአክስቴ ጉዳይ ለምደባ አስቸጋሪ ነው። «ይሄ ስልክ ዓይናችሁን ያጠፋዋል» እያሉ የራሳቸውን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፈው አቁመውታል። ቤይሩት የምትሠራው ልጃቸው በኢሞ ቡናው ላይ ታድማለች፤ ለእሷም ሲኒ ተቀድቶላታል። ከአቦል ጀምሮ ጥሪው አልተዘጋም። በሰዓት ቆጠራ ከተሄደ የቤቱ ዋና ሱሰኛ አክስቴ ናቸው፤ አጥኚው ግኝቱን እዚያው ይፋ ለማድረግ ግን አልደፈረም።

ቶናው ተጠጥቶ በረካው ሊቀዳ ሲል ያልታሰበ ነገር ተፈጠረ፤ የተጠኚው ፓኬጅ አለቀ። ለውጡ ወዲያው ታየ። ቀና አለ፣ የአያቱን ጤንነት ጠየቀ፣ አጥኚውንም «አንተ ደግሞ መቼ መጣህ?» አለው። ይህ ሁኔታ የቆየው አንድ እፍኝ ፈንዲሻ እስኪያልቅ ነው።

«እማዬ፣ ሆትስፖት ክፈቺልኝ።»

አክስቴ ጀበናውን ሳያስቀምጡ «መጀመሪያ በረካህን ጠጣ» አሉት። የቀረበ አማራጭ አልነበረም፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ አስታውሺኝ ማለትም አይቻልም። ተጠኚው ሲኒውን ባንድ ትንፋሽ ጨለጠው። ምላሱ መቃጠሉ በጥናቱ አባሪ ላይ ሰፍሯል።