ድሃ መሆኔን ላስመስክር

ጁላይ ሲገባ ሌላው ሰው ሙቀቱን ይፈራል፤ እኛ የሲልቨር ስፕሪንግ ሽማግሌዎች የፖስታ ሳጥኑን። የንብረት ግብሩ ቢል የሚመጣው ያኔ ነው።

ሜሪላንድ ቤታችንን በየሦስት ዓመቱ ይገምታል። ገማቹ ቤቴ ሲገባ አይቼው አላውቅም። ኩሽናዬ እ.ኤ.አ. በ1998 ቤቱን ስገዛ እንደነበረው መሆኑን፣ የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ሌሊቱን ሙሉ ጠብ ጠብ ሲል እንደሚያድር ምን ያውቃል? ጎረቤቴ ቤቱን አሳድሶ በውድ ሸጠና ፍሎሪዳ ገባ፤ እኔ በተቀመጥኩበት ሀብታም ሆንኩ። ሀብቱ ግን ወረቀት ላይ ነው፤ ሽንኩርት ልግዛበት ብል አይመነዘርም።

ቢሉን ዘርግቼ፣ መነጽሬን አስተካክዬ ወደ ታች ስወርድ ደግሞ ሌላ ሌላው ተደርድሯል። የቆሻሻ ማንሻ፣ እሺ፣ ቆሻሻ አለን። ከሱ ቀጥሎ የውኃ ጥራት መጠበቂያ የሚሉት አለ። ጣሪያህና የመኪና መግቢያህ ዝናቡ መሬት ውስጥ እንዳይሰርግ ስለከለከሉ፣ ስፋታቸው እየታየ የምትከፍለው ነው። ሰዉ የዝናብ ግብር ይለዋል። አዲስ አበባ ያለው ታናሽ ወንድሜ በስልክ የጣሪያና ግድግዳ ግብር ጨመሩብኝ ብሎ ሲያማርር፣ «አንተስ ለጣሪያው ነው፤ እኔ ጣሪያው ላይ ለሚወርደውም እከፍላለሁ» አልኩት። ዝም አለ። በምሬት አሸንፌው የማውቀው ያን ቀን ብቻ ነው።

«አባዬ፣ ቅናሽ አለ እኮ» ትለኛለች ልጄ።

ማን የለም አለ? አንደኛው፣ ባለቤቱ ራሱ በሚኖርበት ቤት ላይ ግብር የሚሰላበት ግምት በዓመት ከ10 በመቶ በላይ እንዳያድግ የሚያግድ ነው። አንዴ ያመለክታሉ፣ በቃ። እግዜር ይስጣቸው። ግን ሶሻል ሴኩሪቲ እ.ኤ.አ. በ2025 የጨመረልን 2.5 በመቶ ነው። 10ን ከ2.5 የሚያስታርቅ ሽማግሌ ከተገኘ እግሩን እስማለሁ።

ዋናው በገቢ የሚሰጠው ነው። የቤቱ ገቢ ከ60 ሺህ ዶላር፣ ከመኖሪያ ቤቱና ከጡረታ ቁጠባው ውጪ ያለው ሀብት ደግሞ ከ200 ሺህ ዶላር መብለጥ የለበትም። አገር ቤት የገዛናት ኮንዶሚኒየምም ሀብት ናት እንግዲህ። ስሌቱ ራሱ አይከፋም፤ ገቢው 30 ሺህ ለሆነ ሰው ከ1,680 ዶላር በላይ ያለው ግብር ይቀነስለታል። ለአረጋዊ ደግሞ ካውንቲያችን ሞንትጎመሪ ከራሱ ይጨምርበታል። እልል ልል ስነሳ ልጄ ቀጣዩን መስመር አነበበችልኝ፦ የሚታሰበው በቤቱ ግምት የመጀመሪያው 300 ሺህ ዶላር ላይ ያለው ግብር ብቻ ነው። በኛ ሰፈር በ300 ሺህ የሚገኘው ጋራዥ ነው።

ከዚያ ማመልከቻው። እኛ ጾማችንን ውለን ሰው ቤት ስንገባ «አሁን በልተን ነው የወጣነው» እያልን ያደግን ሰዎች ነን። እዚህ በየዓመቱ ማጣትህን በሰነድ አስደግፈህ ታቀርባለህ። ከ300 ዶላር ያለፈ ስጦታ ገቢ ነው፣ ይጻፋል። ኪራይ ሳይከፍል አብሮህ የሚኖር ጎልማሳ ካለም ገቢው ካንተ ጋር ይደመራል።

እዚህ ጋ ነው ጉዴ። ቤዝመንት «ቤት እስካገኝ» ብሎ የገባ፣ ቆይቶ መጋረጃ የሰቀለ፣ አሁን ደግሞ ትልቅ ቴሌቪዥን ግድግዳው ላይ ያስመታ ወንድ ልጅ አለኝ። የሱ ደመወዝ ሲደመር እኔ ከድሆች መዝገብ ተሰረዝኩ። ፍሪጁን ባዶ የሚያደርገው እሱ፣ ሀብታም የምባለው እኔ። ኪራይ ክፈል ብለው «አባዬ፣ ደግሞ ቀልድ ጀመርክ» አለኝ። እናቱ ሰምታ «አንተ ሰውዬ፣ ለግብር ብለህ ልጄን ልታባርር ነው?» ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። ቡናም ቀረብኝ። ይሄ ኪሳራ በየትኛው ቅጽ ላይ እንደሚሞላ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ሌላም ነበር። ካውንቲው ለአረጋውያን የ20 በመቶ ቅናሽ ሲደነግግ፣ 65 ዓመት የሞላውና በዚያው ቤት 40 ዓመት የኖረ የሚል ነበር። 40 ዓመት! የዛሬ 40 ዓመት እኔ የነበርኩት አዲስ አበባ ነው፤ ያውም የአባቴ ትርፍ ቤት በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 ከተወረሰ ወዲህ። እሱም ሐምሌ ላይ ነበር። ያን ጊዜ ለቤቱ አልከፈልንም፤ ቤቱን ራሱን ነው የከፈልነው።

የማመልከቻው ቀነ ገደብ ኦክቶበር 1 ነው፤ ልጄ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ትታልኝ ሄዳለች። እስከዚያ ግን ጨዋ፣ የራሷ አፓርትመንት ያላት፣ ለትዳር የደረሰች ልጅ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ። ልጁ መልከ መልካም ነው፣ ሥራ አለው፣ ቴሌቪዥኑንም ይዞ ይመጣል። ጥሎሹን እኔ እችላለሁ፤ ከ300 ዶላር ካልበለጠ።