እንጦጦ በጥቁር ሰሌዳ

የጉለሌ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ስለ አካባቢው ምን ያህል እንደሚያውቅ የሚጠራጠር ካለ ደብተሩን ይይ። ልጁ ጀርባውን ለእንጦጦ ሰጥቶ መምህሩ በጠመኔ የሣሉትን ተራራ አሳምሮ ገልብጧል። እውነተኛው ተራራ በመስኮት ይታያል። ግን ፈተና ላይ ስለማይመጣ ባይታይም ቅር የሚለው የለም።

"የአካባቢ ትምህርት የታለ?" የሚሉ ክፉ አፎች አሉ። በ1989 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ የአካባቢ ፖሊሲ እኮ ይህን ጨርሶታል፤ ራሱን የቻለ ትምህርት ሳይሆን በየትምህርቱ ውስጥ ይዋሐድ ብሏል። ተዋሐደም፤ የት እንደገባ እስኪጠፋ ድረስ። የባዮሎጂ መምህሩን ብትጠይቁ "የጂኦግራፊ ነው" ይላሉ። የጂኦግራፊው ወደ ዜግነት ትምህርት ይመሯችኋል። እዚያ ስትደርሱ "ክበብ አለ አይደል እንዴ?" ትባላላችሁ።

ክበቡማ አለ! ማኅተም አለው፣ ዓመታዊ ዕቅድ አለው፣ ስለ ፕላስቲክ ጉዳት የሚያስተምር የፕላስቲክ ባነርም አለው።

ከሁሉ የሚደነቀው ግን የችግኝ ተከላው ነው። ተማሪው ሰኔ ላይ ካርዱን ተቀብሎ ይበተናል፤ ችግኙ ሐምሌ ላይ ይተከላል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀንበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲታወጅም ወቅቱ የክረምት ዕረፍት ነበር። ልጁ መስከረም ላይ ሲመለስ የተተከለው ተቆጥሮ፣ ሪፖርቱ ተልኮ ይጠብቀዋል። ከተተከለው ስንቱ እንደጸደቀ የሚቆጥርበት ክፍለ ጊዜ ግን አልተያዘለትም፤ ጥናት ላይ ነዋ!

ምን ያጠናል? የደን ምንጠራን ትርጉም፣ ያውም በእንግሊዝኛ። እናቷ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ የምትወርድ ልጅ ትርጉሙን አንድ ቃል ሳትስት ትወጣዋለች። እናትየው ያን ሸክም ለምን እንደምትሸከም፣ በአጼ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣው ዛፍ ተራራውን እንዴት እንደወረሰው ማንም አይጠይቃትም። ከሀ እስከ መ ባለው ምርጫ አይመለስማ።

ይህን ሁሉ ሊያስረዳ የሚችል ቦታ ደግሞ እዚያው ጉለሌ ውስጥ ተዘርግቷል፤ የከተማ አስተዳደሩና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት፣ 705 ሄክታር የሚሰፋው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል። ባሕር ዛፍ በሀገር በቀል ዕፅዋት ሲተካ በዓይን የሚታየው እዚያ ነው። ለትምህርት ግን አደገኛ ነው፤ ልጅ እዚያ ከዋለ ጥያቄ ይዞ ይመለሳላ! ጥያቄ ደግሞ ዕቅዱ ላይ የለም።

ክበቦች ሆይ፣ የዘንድሮውን የባነር ገንዘብ ለአውቶቡስ ክፈሉበትና ልጆቹን ወደ ማዕከሉ ውሰዷቸው። የፈቃድ ወረቀቱን ላኩልን፤ እኛ ወላጆች ዛሬውኑ እንፈርማለን።