ኤሊው ዘንድሮ ሮጦ ነበር

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ኅዳር 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ጋሼ፣

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከብርዱና ከኤሊው በቀር ደኅና ነን። የኤሊውን ነገር በስልክ ጀምሬልዎ መስመሩ ስለተቆረጠ ይኸው በጽሑፍ።

ልጄ የሚማርበት የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ለቤታችን ቅርብ ነው። ሌላው ዩኒቨርሲቲ ቡድኑን አንበሳ፣ ነብር፣ ንስር ሲል እነዚህ ኤሊ ብለውታል። ቤተ መጻሕፍቱ ፊት ለፊት የነሐስ ኤሊ አቁመው፣ ዕድል እንዲሰጣቸው አፍንጫውን ያሻሹታል። ፈተና ሲደርስማ ምግብ፣ ከረሜላ፣ ያገኙትን ሁሉ ይከምሩለታል። ስለት የሚገባው የእኛ ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ቡድኑ የሚጫወተው የአሜሪካኖቹ ጨዋታ እግር ኳስ ይባል እንጂ የሚጫወቱት በእጅ ነው። አራት ሙከራ ይሰጣቸዋል፤ በአራቱ አሥር ያርድ ካልገፉ ኳሱ ለባላጋራ ያልፋል። ኳሱን በእግር የሚመቱት አልፎ አልፎ ነው። «ታዲያ ስሙን ማን አወጣው?» ያሉኝን ለልጄ አስተላልፌለታለሁ፤ እስካሁን መልስ የለም።

ዘንድሮ ኳስ ወርዋሪው ማሊክ ዋሽንግተን የሚባል የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ፣ የዚሁ የሜሪላንድ ልጅ ነው። ነሐሴ ማለቂያ ላይ ጀምረው አራት ጨዋታ በተከታታይ አሸነፉ። አራተኛውንማ ዊስኮንሲንን ሰው ሜዳ ድረስ ሄደው 27 ለ10! መስቀልን ሳንሸነፍ ዋልን። እኔም የኤሊ ሹራብ ከነጠላዬ ሥር ለብሼ ደመራ ወጣሁ።

መስከረም 24 ቀን ዋሽንግተን መጣ። ይሄኛው ከተማውም ኳስ ወርዋሪውም አይደለም፤ ከሲያትል የመጣ ዩኒቨርሲቲ ነው። 20 ለ0 መራን። ጋሼ፣ 20 ለ0! አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ «አለቀ» አለኝ። እውነትም አለቀ፤ 24 ለ20 ተሸነፍን። በሳምንቱ ነብራስካ 34 ለ31፣ በሌላው ሳምንት ዩሲኤልኤ 20 ለ17። የሦስቱ ሽንፈት ልዩነት ቢደመር 10 ነጥብ ነው። ኢንዲያና 55 ለ10 ሲረመርመን እፎይ አልኩ፤ ቢያንስ ልብ አንጠልጥሎ አያቆይም። ሩትገርስን፣ ኢሊኖይን፣ ሚሺጋንን አልተርክልዎትም። ኅዳር 20 ቀን ሚሺጋን ስቴት የመጨረሻውን አፈር አለበሰን።

እናም ስምንት ተከታታይ ሽንፈት፤ በጠቅላላው 4 ድል፣ 8 ሽንፈት። አምና ስንት ነበር ቢሉኝ፣ 4 ድል፣ 8 ሽንፈት። ውጤቱ ያው ሆኖ ሳለ ዘንድሮ ለምን እንዲህ አንገበገበኝ? ጥፋቱን የማላክከው በአራቱ ድሎች ላይ ነው። ሲጀምሩ ተሸንፈው ቢሆን ኖሮ እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ልብሴን አጥቤ እተኛ ነበር። ለእርስዎ፣ ለኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ፣ ይህን መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በ2003 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን ከወሰዳችሁ ወዲህ «ዘንድሮ የኛ ነው» ሲሉኝ እስቅ ነበር፤ አሁን አልስቅም። እዚህ ሰፈር የሐበሻው ሁሉ ሐሳብ አርሴናልና ማንቼ ስለሆነ ሐዘኔን የሚጋራኝ እንኳ የለም። ቡና ቤት ገብቼ ስለ ኤሊ ሳወራ ያመመኝ ይመስላቸዋል።

አሠልጣኙ ማይክ ሎክስሊ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው ቡድኑን የያዘው። ይሰናበታል ሲባል ዩኒቨርሲቲው «ይቆያል» ብሎ አሳወቀ። እዚህ አገር አሠልጣኝ ማሰናበት በሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር የውል ክፍያ ስላለው ትዕግሥትም በዶላር ይሰፈራል።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ደግሞ ይጀመራል። እንዳጋጣሚ አራት ጨዋታ በተከታታይ ካሸነፍን፣ ጋሼ፣ እባክዎ ደውለው ይቆጡኝ።

የእህትዎ ልጅ