ክዳን የሌለው ባልዲ

ደመና ላይ ፋይል የሚጠራቀምበት ዕቃ «ባልዲ» መባሉን የሰማሁ ዕለት ኮራሁ። አካባቢያችን ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ከሽቦ አልባው ስልክ ነውና ነገር አየር ላይ ማንጠልጠል ለኛ ብርቅ አይደለም፤ ባልዲማ የዕለት እንጀራችን ነው።

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቴ የሆኑት እማማ ግን አልሠለጠኑም። የፈረቃ ውሃ ስትመጣ ሰማያዊውን ለመጠጥ፣ ቀዩን ለልብስ፣ ጆሮው የተሰበረውን ለሽንት ቤት ይሞላሉ። ሁሉንም ይከድናሉ። የሰነበተውን ቀድመው ይጨርሳሉ። የልጅ ልጃቸው የመጠጡ ውስጥ እጁን ቢነክር ወዮለት!

ለቡ ያለው መሥሪያ ቤታችን እንዲህ ያለ ጭንቀት አያውቅም። አማዞን በ2006 እ.ኤ.አ. ባልዲዎቹን የሚያከራየውን ኤስ ስሪን ሲጀምር የባልዲ ስም በዓለም ላይ ሌላ ሰው ያልያዘው ይሁን አለ። ባለሙያዎቻችን ተጠበቡ፦ «ቴስት-የኛ»፣ «ቴስት-የኛ-2»፣ «የመጨረሻው»፣ «የመጨረሻው-አዲሱ»። ውስጣቸው ምን አለ? የከፈታቸው ልጅ ያውቃል። ልጁ አሁን ካናዳ ነው።

ከሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ አዲስ ባልዲ ሁሉ ለሕዝብ ዝግ ሆኖ ይወለዳል። ምቀኝነት ካልሆነ ምን ይባላል? ደግነቱ፣ አለቃችን «ሎጎው አልታይ አለኝ» ባሉ ጊዜ ልጁ የባልዲውን አራቱንም መከልከያዎች ጠቅ ጠቅ አድርጎ አነሳና «ማንም ያንብበው» የሚል ፈቃድ ለጠፈበት። ሎጎው ታየ። አጠገቡ የተቀመጠው የደንበኞች መታወቂያም አብሮ ታየ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱን ሰምተናል፤ አዋጁም ባልዲው ውስጥ አለ፣ በሦስት ቅጂ።

መሰረዝ ነውር ነው። ዘጠና ቀን ያለፈውን ፋይል ራሱ እንዲያጠፋ ባልዲውን ማዘዝ ይቻላል፤ ግን «ምናልባት ቢፈለግስ?» የቀድሞ ቅጂዎችን የማስቀመጡ ነገርም በርቷልና አንዱን የገና ድግስ ቪዲዮ በቆረጥነው ቁጥር አሮጌው ሳይጠፋ ይከማቻል። ሁሉም በየወሩ በዶላር ይከፈልበታል። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ ወዲህ ሒሳብ ክፍል መላ አገኘ፦ የሠራተኛው ሻይ ያለ ስኳር ሆነ።

ማታ ደረጃ ላይ ለእማማ ይህን ሁሉ አጫወትኳቸው። አዳምጠው አዳምጠው፣

«ክዳኑስ?» አሉኝ።

«ካናዳ ነው፣ እማማ።»