እረፍት፦ ከ8፡00 እስከ 10፡00

ባለቤቴ የሒሳብ ሰው ነው። የሒሳብ ሰው ዘና ማለትንም በኤክሴል ነው የሚያቅደው። በሐምሌ ዝናብ ልጆቹንና እናቴን ይዘን ጆርዳን፣ አማን ከተማ፣ እህቴ ዘንድ ልንሰነብት ስንነሣ፣ ሰንጠረዡን አትሞ፣ በላስቲክ አስለብጦ ለየአንዳንዳችን አደለን። “ሰዓት”፣ “ቦታ”፣ “ኃላፊ” የሚሉ ዓምዶች አሉት። በየቀኑ ከ8፡00 እስከ 10፡00 “እረፍት” ይላል፤ ኃላፊ፦ እናት። እናት የተባልኩት እኔ ነኝ።

ሦስት ልጅ አስከትለን ዐረብ አገር ለእረፍት እንደምንሄድ የሰሙ ጓደኞቼ በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ “በዚህ ሙቀት ልጆቹን ልትጠብሻቸው ነው?” አሉኝ። የቀሩት ዱባይ የምሄድ መስሏቸው ስለ ሞል አወሩልኝ። አማን ዱባይ አይደለችም። ኮረብታ ለኮረብታ የተሠራች ደጋ ቢጤ ከተማ ናት፤ በሐምሌ ቀኑ ቢያቃጥልም ማታው ሹራብ ያስመኛል። ሰዓቱም ያው የእኛው ነው። ጆርዳኖች በ2022 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የበጋና የክረምት ሰዓት መቀያየሩን ትተው ከአዲስ አበባ ጋር ገጥመዋል፤ ልጆቹ በደረሱበት ቀን በሌሊት ነቅተው “ነጋ?” አይሉም። ለእናት ይህ ከማንኛውም ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል ይበልጣል።

ሰንጠረዡ የወጣው በድርድር ነው። ልጆቹ ዋና ፈለጉ። እናቴ ዮርዳኖስን፣ ወንዙን፣ ሌላ ምንም። ባለቤቴ ፍርስራሽ ይወዳል። እኔ እንቅልፍ ነበር የጠየቅሁት።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ልዝለላቸው። አንዲት ነገር ግን ሳልናገር ባልፍ ልጆቼ ይቀየሙኛል። ጠዋት ላይ ከመንገዱ የቤትሆቨን “ፉር ኤሊዝ” በቀጭን የአሻንጉሊት ድምፅ ይሰማል። ልጆቹ አይስክሬም መጣ ብለው፣ ሳንቲማቸውን ጨብጠው፣ በፒጃማ ደረጃውን ተንደረደሩ። መኪናው ላይ የተደረደረው የጋዝ ሲሊንደር ነው። አማን ውስጥ ጋዝ የሚያዞሩ መኪኖች ደንበኛ የሚጠሩት በዚህ ዜማ ነው። ትንሹ ልጄ ሳንቲሙን ዘርግቶ እንደቆመ ሻጩ በሳቅ ፈረሰና ከጋቢናው ከረሜላ አውጥቶ ሰጠው። ከዚያ በኋላ ጋዝ በመጣ ቁጥር ልጁን የሚይዘው ጠፋ።

ወደ ዓርብ ልምጣ። ዓርብ የእህቴ የእረፍት ቀን ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ማታ ጀበል አማን ውስጥ ከጓደኞቿ ጋር ወደተከራየችው ቤት ትመለሳለች። ማዳሟ ሰው ናት። ይህን የምለው ብርቅ ስለሆነ ነው፤ ፓስፖርቷ አሠሪዋ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎባት ዓርብና ሰኞ የማይለዩላት ስንት እህት እዚያው ከተማ አለች። ማዳም የእኛን መምጣት እንደሰማች “ዓርብ ምሳ እኛ ቤት” ብላ ቆረጠች። ጆርዳን ውስጥ የዓርብ የቤተሰብ ምሳ ሲባል ደግሞ ብዙውን ጊዜ መንሰፍ ነው።

ባለቤቴ የዓርቡን “እረፍት” በእስክሪብቶ ሰርዞ “ምሳ (ማዳም ቤት)” ብሎ ተካው። ኃላፊ፦ እህት። “ሁለት ሰዓት ይበቃል” አለ።

እናቴ የጾም ቀኗ ቢሆንም ዓርብን አልፈራችም። ሐሙስ ማታ መሀል ከተማ ሃሺም የሚባለው ቤት ወስደናት ነበር፤ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግቶ ፈላፈል፣ ሁሙስና ፉል የሚያበላ ቤት ነው። እማዬ ሳህኖቹን አንድ በአንድ መርምራ፣ ሥጋም ወተትም አለመኖሩን አረጋግጣ “ይሄ እኮ የጾም አገር ነው” ብላ ፈርማለት ነበር።

ዓርብ ጠዋት ከተማው ጭር ብሏል። የሳምንቱ ማረፊያቸው ዓርብና ቅዳሜ ነው፤ ከጸሎቱ በፊት ሱቁም መንገዱም እንደተኛ ነው። ሰባት ስለሆንን በሁለት ታክሲ ተሳፍረን ጀበል አል ቀልዓ፣ ምሽጉ ኮረብታ ላይ ወጣን። የሄርኩለስ ቤተ መቅደስ ከሚባለው ፍርስራሽ አጠገብ ከእብነ በረድ የተቀረጸ የግዙፍ እጅ ቁራጭ ተቀምጧል። የሐውልቱ ቁመት ከ12 ሜትር በላይ ሳይሆን እንዳልቀረ ይገመታል።

“ሌላውስ የት ሄደ?” አለ ትንሹ።

ባለቤቴ ስለ ሮማውያንና ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ጉሮሮውን ጠራርጎ ሊጀምር ሲል እማዬ ቀደመችው። ሄርኩለስን አታውቀውም። የምታውቀው ዐግን ነው።

“ይሄ የባሳን ንጉሥ የዐግ እጅ ነው” አለች ያለ አንዳች ጥርጥር። “አልጋው የብረት ነው፤ ርዝመቱ ዘጠኝ ክንድ፣ ወርዱ አራት ክንድ። የአሞን ልጆች ከተማ በረባት አለ ይላል መጽሐፉ።”

ባለቤቴ ስልኩን ከፈተ። ዘዳግም ምዕራፍ 3 ቁጥር 11፤ ክንዱ ልክ ነው። ረባት የሚባለውም ይኸው አሁን የቆምንበት አማን ነው። ከዚያ ወዲያ ልጆቹን ማን ይመልሳቸው! የብረት አልጋ ፍለጋ ተጀመረ። በኡመያዎቹ ቤተ መንግሥት ጓዳ ለጓዳ፣ በውኃ ጉድጓዱ ዙሪያ፣ ከእያንዳንዱ ዓምድ ኋላ ታየ። ፍርስራሽ ለልጅ ማሳየት የሚፈልግ ሁሉ የጠፋ አልጋ ቢኖረው ይበጀዋል።

አልጋው ሲታጣ እማዬ ጥላ ፈልጋ ተቀመጠችና ሌላ ጀመረች። ኦርዮ የተገደለው በዚችው ከተማ ቅጥር ሥር ነው፤ ከጦሩ ፊት እንዲያቆሙት ያዘዘው ንጉሥ ዳዊት ነው።

“ለምን?” አለች መካከለኛዋ።

“ሚስቱን…” አለች እማዬ። እኔ ሳልኩኝ።

“ሚስቱን ምን?”

“ሚስቱን ወዷት።”

“ታዲያ መውደድ ጥሩ አይደል እንዴ?”

ባለቤቴ ሰዓቱን አየና “ታክሲ!” ብሎ ተነሣ።

የማዳም ቤት ከሰባተኛው ዱዋር አለፍ ብሎ ነው። ዱዋር የሚሏቸው ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ የተቆጠሩ አደባባዮች ናቸው፤ ምዕራብ አማን ውስጥ አቅጣጫ የሚነገረው በእነሱ ነው። ከዱዋሩ ወዲያ ግን ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነጭ የኖራ ድንጋይ ስለለበሰ ባለቤቴና ትልቁ ልጄ ያሉበት ታክሲ ጠፋ። እስኪመጡ ከማዳም፣ ከባሏ፣ ከልጆቿ፣ ከባሏ ወንድሞችና ከነልጆቻቸው ጋር ተሳሳምን። በመጨረሻ የባሏ እናት ሐጃ ገቡ። ከእማዬ ጋር ዕድሜያቸው ተቀራራቢ ነው፤ ሁለቱም ጉልበታቸውን ይዘው ነው የሚቀመጡት።

ትሪው በሁለት ሰው ተይዞ መጣ። ከታች ሽራክ የሚባል ስስ ቂጣ፣ በላዩ የሩዝ ክምር፣ በክምሩ ላይ የበግ ሥጋ፣ በሥጋው ላይ የተጠበሰ ለውዝ። መረቁ ከጀሚድ ነው፤ ጀሚድ የበግ ወይም የፍየል እርጎ ጨው ገብቶበት ድንጋይ እስኪመስል የደረቀ ነው፤ ተበጥብጦ ሥጋው ይቀቀልበታል። ምርጡ ከካራክ ይመጣል ይላሉ። ጎምዘዝ ያለው ሽታ ገና ከበሩ ላይ አፍን በውኃ ይሞላል። በ2022 ዩኔስኮ መንሰፍን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገቡ አስፍሮታል። መዝጋቢዎቹ ዓርብ የሚጾም እንግዳ ይዘው እንዳልሄዱ ግልጽ ነው።

እማዬ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ፈገግ ብላ ተቀመጠች። ሐጃ ከአጥንቱ ጥሩ ሥጋ ለይተው ከፊቷ አኖሩላት። ፈገግ። ሌላ ጨመሩ። አሁንም ፈገግ። ክፍሉ ውስጥ የሚንቀሳቀስ እጅ ጠፋ።

“ጾም ላይ ናት” አለች እህቴ በዐረብኛ።

ነገሩ የተበላሸው፣ ወይም የተቃናው፣ እዚህ ላይ ነው። የእማዬ የዓርብ ጾም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይፈታል፤ ከዚያ ወዲያ ሽሮም ምስርም ይበላል። በዚያ ቤት ግን የጾመ ሰው ከንጋት እስከ መግሪብ ውኃም አይቀምስም። ሐጃ “ማሻአላህ!” ብለው የእማዬን ግንባር ሳሙ። ከፊቷ ሥጋው ተነሣ። ሰላጣው ተነሣ። የውኃው ብርጭቆ ተነሣ። ከዚያ ሐጃ እጃቸውን ታጥበው እንግዳቸው ሳትበላ እንደማይበሉ አስታወቁ።

እህቴ ልታስረዳ አፏን ስትከፍት እማዬ “ተይ” አለቻት።

“እማዬ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እኮ ሁሙስ ያቀርቡልሽ ነበር።”

“እሳቸው ለእኔ ብለው እስከ ማታ ሊጾሙ እኔ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጎርስ? ያሳፍራል። ደሞ ምን ቀረው፤ ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ትጠልቃለች።”

የአዲስ አበባን ፀሐይ አስልታ ነው። የአማን ፀሐይ በሐምሌ የምትጠልቀው ለ2 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ገደማ ነው። ገና 8 ሰዓት ነበር።

እኛ በላን። በእጅ መብላት ማንም አያስተምረንም ብለን ነበር የቀረብነው፤ እንጀራ በሌለበት ግን የአበሻ ጣት ከንቱ ነው። ግራ እጅ ወደ ኋላ ይታጠፋል፣ ሩዙ በቀኝ መዳፍ ይድቦለቦላል፣ በአውራ ጣት ወደ አፍ ይገፋል። የባለቤቴ ድቡልቡል ግማሹ ሸሚዙ ላይ ቀረ። ልጆቹ ከቤቱ ልጆች ጋር ኳስ ይዘው ወጡ፤ በምን ቋንቋ እንደተግባቡ አልጠየቅሁም። እህቴ ስድስት ቀን የምትወለውለው ሶፋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ማዳም ሻይ ስታመጣላት ብድግ አለች፣ ማዳም ትከሻዋን ይዛ መልሳ አስቀመጠቻት፤ ስኳር ስታመጣላት ደግማ ብድግ አለች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባለቤቴ አፉን ከፍቶ ተኛ። ለእኔ ክፍል ተከፈተልኝ፣ ፍራሽ ተነጠፈ፣ መጋረጃ ተሳበ። “ማማ!” የሚል አልነበረም። እኛ ልጆቻችንን ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ እናስተኛለን፤ አማን ውስጥ በበጋ ልጆች ከነወላጆቻቸው ለመጫወት የሚወጡት በዚያ ሰዓት ነው፤ እኩለ ሌሊት ላይ ሣሩ ላይ ሲሯሯጡ ብታገኙ “ሽ!” የሚላቸው የለም። ሰንጠረዣችን የተሠራው ለሌላ ከተማ ነበር።

ስነቃ ሁለቱ አሮጊቶች በረንዳ ላይ ናቸው። አንዷ በአማርኛ፣ አንዷ በዐረብኛ፣ ሁለቱም ጮክ ብለው ያወራሉ። ጉልበት ተነካክቷል፣ መቁጠሪያና መስበሐ ተመዛዝኗል፣ የሞቱ ባሎች ፎቶ ከስልክ ታይቷል። ፀሐይዋ ከአንድ ነጭ ሕንፃ ኋላ ትገባለች፤ እማዬ ልታማትብ እጇን ስታነሣ በወዲያኛው ጥግ ብቅ ትላለች።

“ይቺ ፀሐይ ምን ነካት?” አለችኝ። ከንፈሯ ደርቋል።

መግሪብ ሲጠራ ሐጃ ቴምር አጎረሷት። ለእሷ ብቻ ምስር ሾርባ፣ ወይራና ሁሙስ ተዘጋጅቶ ነበር፤ እህቴ ቀስ ብላ ለማዳም ነግራ ኖሯል። ሐጃ ሥጋ ሲያቀርቡ እማዬ ራሷን ነቀነቀች፤ እርጎ ሲያቀርቡ ነቀነቀች። ሐጃ ወደ እህቴ ዞሩ፦ ይህች ሴት ጾም ፈትታም ትጾማለች እንዴ? ካፈጠሩ በኋላ የሚቀጥል ጾም አይተው አያውቁም። ግንባሯን እንደገና ሳሟት።

ከዚያ ቡና መጣ። ሄል የገባበት፣ ስኳር የሌለው፣ ጆሮ በሌላት ትንሽ ስኒ ከታች ጠብ የሚል። እማዬ አቦሉን መረቀች። ቶናውን ጠጣች። በረካውን ጠጥታ “እግዜር ይስጥልን” ብላ ስኒዋን ዘረጋች። የቤቱ ልጅ አራተኛ ቀዳላት። ከበረካ በኋላ ያለውን የሚያውቅ ሐበሻ የለም፤ ማስቀየም ስላልፈለገች ጠጣች። አምስተኛ። ስድስተኛው ሲቀዳ መካከለኛዋ ልጄ፣ አጎቶቹን ስታይ ቆይታ ኖሮ፣ ስኒውን ከአያቷ እጅ ወስዳ ግራና ቀኝ ወዘወዘችው። ልጁ ወዲያው ተመለሰ። “ሲበቃ እንዲህ ነው” አለች።

ለመሄድ ስንነሣ ሐጃ እህቴን አንድ ነገር ጠየቁ፤ እናትሽ ሌላስ የምትጾመው መቼ ነው? ማናችንም እግሯን ሳንረግጣት “ረቡዕ” ብላ መለሰች። ሐጃ ማዳምን ጠሩ፣ ማዳም ባሏን ጠራች፣ ወንበር ተቆጠረ። ረቡዕ ሐጃም ይጾማሉ፤ ማታ ያ ሥጋም ወተትም የሌለው ምግብ እዚያው ቤት ይሠራል፤ እማዬ ታሠራለች።

“ምን አሉ?” አለች እማዬ ነጠላዋን እያስተካከለች።

“ረቡዕ ሽሮ አብረን እንሠራለን፣ አብረንም እንጾማለን ነው የሚሉት።”

“ደስ ይለኛል በያቸው። ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው በያቸው።”

እህቴ የመጀመሪያውን ብቻ ተረጎመች።